ለእማዬ፦ ስለ ራግዶሏ ድመት

ይድረስ ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቅዳሜ ስለምትመጣልሽ ድመት በስልክ የጀመርነውን ልጨርስልሽ ብዬ ነው።

ዘሯ ራግዶል ይባላል። አን ቤከር የተባለች ሴት በ1960ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያራባችው ነው። ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ጠባያቸው የረጋ ነው፤ ብዙዎቹ ሲታቀፉ ሰውነታቸውን ልቅቅ ያደርጋሉ። ሕመም አይሰማቸውም የሚባለውን ግን አትመኚ። ይሰማቸዋል፤ ዝም ስለሚሉ በእጅሽ እየዳሰስሽ ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

በሳምንት ሁለቴ አበጥሪያት፤ ጸጉሯ በሚረግፍበት ወቅት ግን በየቀኑ። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ይሻላል። ከጉንጯና ከጀርባዋ ጀምሪ፤ ከዚያ ብብቷን፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ ሆዷንና የጭኖቿን ውስጥ ዳብሺ። ጸጉሯ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ቋጠሮ ካገኘሽ ሥሩን ቆዳዋ አጠገብ በሁለት ጣት አጥብቀሽ ያዢ፤ ጉተታው ቆዳዋ ላይ አይደርስም። ከዚያ ከጫፉ ወደ ሥሩ በጥቂት በጥቂቱ ፍቺው። መቀስ ፈጽሞ አታስጠጊ፦ ቀጭን ቆዳዋ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሳ አብሮ ይቆረጣል። ሳይፈታ ካጠብሽው ደግሞ ይጠብቃል። እምቢ ያለውን ሐኪሙ በማሽን ይላጨው።

ጎንበስ ብለሽ አታንሻት፤ ሶፋው ላይ ስትቀመጪ ራሷ ትመጣለች። እግርሽ ሥር መተኛት ስለሚወዱ ማታ የኮሪደሩን መብራት አታጥፊ።

ቡና ስታፈይ ሌላ ክፍል አስገብተሽ በሩን ዝጊ። የዕጣን ጭስ ሳንባዋን ይጎዳል፤ ረጅሙ የጅራቷ ጸጉር ደግሞ ፍም ላይ ሊያርፍ ይችላል።

በጾም ወቅትም ሥጋ ያስፈልጋታል። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋ ነው፤ ካጣችው ልቧና ዓይኗ ይጎዳሉ። የተዘጋጀ የድመት ምግብ ይበቃታል። ወጥ አታቅምሻት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳሉ። ወተት ብዙዎቹን ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ሊሊ አበባ ቤት አይግባ፤ ብናኙን ብትልስ እንኳ ኩላሊቷ ሊሞት ይችላል።

ራግዶሎች ላይ የልብ ጡንቻን የሚያወፍር በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። የእናቷንም የአባቷንም የጂን ምርመራ ውጤት አይቻለሁ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ያም ሆኖ ምርመራው ሁሉንም መንስኤ ስለማያሳይ በየዓመቱ ልቧ ይደመጥ። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም የኋላ እግሯ በድንገት ከከዳት ያኔውኑ፣ ቀንና ሌሊት ሙሉ ካልበላች ደግሞ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ትሂድ። ወፍራም ድመት ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ በስብ ይታፈናል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንድ ክፍል ይበቃታል። አልጋ ሥር ብትደበቅ አትጎትቻት፤ ምግቧንና የአሸዋ ሳጥኗን አራርቀሽ አስቀምጪላትና ተያት። አሸዋውን በየቀኑ ጥረጊው፤ ከቆሸሸ ሌላ ቦታ ትጸዳዳለች።

ማበጠሪያው አብሯት ይመጣል። የሐኪሙን ስልክ በትልልቁ ጽፌ ልኬልሻለሁ፤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው።

ልጅሽ