የሜዳው ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ? ስለ ጤናማ አመጋገብና እንቅስቃሴ የምታወጡትን አነባለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ምክሩ ሁሌ ወደ ግለሰቡ ነው፦ ጨው ቀንስ፣ አትክልት ብላ፣ ተራመድ። እሺ የት ነው የሚራመደው? የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ልጆች ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ ይንቀሳቀሱ ይላል፣ ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ይሄ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ቁጥሩን ባናውቅ ሀሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ችግሩ ማወቁ ላይ አይደለም።

እኔ የተሳተፍኩበት አንድ "የጋራ የጤና ንቅናቄ" ነበር፣ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ቲሸርት ታደለ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሮጠን ስንጨርስ ስፖንሰሩ ምን ቢሰጠን ጥሩ ነው? ለስላሳ (ስኳሩን አልነግራችሁም)። በነጋታው ልጆቹ ኳስ ይዘው ሲሄዱ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ተቆልፏል፣ ጥበቃውን ስንጠይቀው ቁልፉ ቢሮ ነው አለን፣ ቢሮው ደግሞ ተማሪ ከወጣ በኋላ ሰው የለውም። ርእሰ መምህሩ እኮ ሰነዱን ከፈረሙት አንዱ ነው!

አጋርነት ከተባለ ፊንላንድ ውስጥ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል ክፍለ ሀገር የሰራውን ነው የምወደው። በልብ በሽታ ወንዶቹ በጎልማሳነታቸው እየረገፉ ሲያስቸግር ነዋሪው ራሱ መንግስትን በፔቲሽን (በጋራ በተፈረመ አቤቱታ) ጠየቀና እ.ኤ.አ. በ1972 ፕሮጀክቱ ተጀመረ። ሐኪሞቹ ማስተማር ብቻ አይደለም የሰሩት፣ ማርታ የሚባለው የሴቶች ማህበር ጋር ሆነው በየመንደሩ ምግብ እያበሰሉ ቅቤና ጨው የቀነሰው እንዴት እንደሚጣፍጥ አሳዩ፣ ፋብሪካዎቹን ስብና ጨው ቀንሱ ብለው አነጋገሩ፣ ቅቤ ሲቀር ገቢው የሚጎዳው የወተት ገበሬ እንዳይከስር ወደ ቤሪ ልማት የሚገባበትን መንገድ አመቻቹ። እዚች ላይ ነው የገረመኝ፣ የሚጎዳውን ሰው አስበውታል። በአስርት አመታት ውስጥ በስራ እድሜ ላይ ባሉ ወንዶች የልብ ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ፣ ህክምናው መሻሻሉና የሲጋራው መቀነስም እንዳለበት ሳይረሳ።

እና እኛ ጋር ሲጀመር ማን ምን ያዋጣል ተብሎ በስም ይጻፍ። ትምህርት ቤቱ ሜዳውን፣ ወላጆች ተራ ገብተው የሚጠብቁበትን ሰአት፣ ጤና ጣቢያው በወር አንዴ ግፊትና ስኳር የሚለካ ነርስ፣ ሱቆች ደግሞ ፍራፍሬውን ከበር ላይ፣ ከረሜላውን ከኋላ ቢያደርጉ ምን ይቀንስባቸዋል? ለስላሳ ሻጭ ስፖንሰር ሊሆን ከመጣ አመስግኖ መሸኘት ነው፣ ውሃ እኛው እናመጣለን።

ከእናንተም አንድ ነገር ልለምን፣ ቀጣዩ የፊርማ ስነስርአት ላይ ጋዜጠኛ ስትልኩ ከ3 ወር በኋላም መልሳችሁ ላኩት፣ ከሰአት ላይ፣ ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ጠይቆ ይጻፍልን።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ