የሚያንጠባጥብ ቧንቧን በጉልበት አታጥብቁት

ለውድ ደንበኞቻችን፣ ድሬዳዋ

ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረስ። ከከዚራም፣ ከሳቢያንም፣ ከገንደ ቆሬም የሚደወልልን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ነው፦ «ቧንቧው አልዘጋ አለ፣ ሙሉውን ቀይሩልን»። ሄደን ስንፈታው ግን ብዙ ጊዜ ያለቀችው ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ብቻ ናት። ለእሷ ብላችሁ የሙሉ ቧንቧ ዋጋ እንድታወጡ አንፈልግም።

የከተማችን ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ስለሆነ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቧንቧው ውስጥም ይጋገራል። ጎማዋ የምታርፍበት የናስ አፍ ላይ ሲይዝ ቧንቧው ጥርቅም ብሎ መዘጋቱ ይቀራል፤ ሰውም ያጠብቀዋል። በተጠበቀ ቁጥር ጎማዋ ትቆረጣለች፣ ቀጥሎ ናሱ ራሱ ይቦረቦራል። ያን ጊዜ አዲስ ጎማም አያድነውም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ማንጠባጠብ ሲጀምር አታጥብቁት፤ ፍቱት።

መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጉ። ሮቶ ካላችሁ የእሱንም ዝጉ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ቤቱ በውሃ ይሞላል። ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ፣ ብሎን እንዳይገባበት የገንዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። እጀታውን በካቻቢቴ አውጥታችሁ የላይኛውን ክፍል በመፍቻ ወደ ግራ ፍቱት። ጎማዋ ጫፉ ላይ ናት። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን ግምት የተገዛች እምብዛም አትገጥምም። አዲሷን ከመግጠማችሁ በፊት ጣታችሁን ሰዳችሁ የናሱን አፍ ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ ግጠሙ። ሸካራ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ ጥሩን፣ በመሞረጃ እናስተካክለዋለን።

ውሃው የሚወጣው ከአፉ ሳይሆን ከእጀታው ሥር ከሆነ ጎማዋን አትንኩ፤ እዚያ ያለውን ብሎን በትንሹ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወደ ላይ ወደ ታች በሚል እጀታ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ደግሞ ጎማ ሳይሆን ካርትሪጅ (ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ወጥ ዕቃ) ነው ያላቸው፤ እሱ እንዳለ ይቀየራል።

አልዞር ያለ ቧንቧን አቼቶ የተነከረ ጨርቅ ጠቅልሉበትና አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፤ አቼቶ ካልሲየሙን ያሟሟዋል። በረኪና ግን ፈጽሞ አትቀላቅሉበት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

«ጠብታ ምን አላት?» ለሚሉን፦ ከሥሩ የሩብ ሊትር ብርጭቆ አስቀምጡ። በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 9 ጊዜ መድፋት ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ያሳዝነናል።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የግቢውን ቧንቧ ክፈቱ፤ አሸዋው በዚያ ይውጣ፣ የቤት ውስጥ ጎማዎች ይተርፋሉ።

የቆዩ የብረት መስመሮች ባሉባቸው ቤቶች፣ በተለይ ከዚራ፣ ቧንቧውን ስትፈቱ ግድግዳው ውስጥ ያለው ብረት አብሮ ሲዞር ከተሰማችሁ ወዲያው አቁሙና ደውሉልን። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ውሃ ሲያፈስ ደግሞ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አመልክቱ፤ ያንን መስመር እኛም ልንነካው አይፈቀድልንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቧንቧ ጥገና ሠራተኞቻችሁ