የቀሩት 46 ካሴቶች ሳይበላሹ እንድረስላቸው፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ አባሎቻችን፣

የድሮ የቪዲዮ ካሴቶቻችንን ወደ ኮምፒውተር የምንገለብጥበት የመጨረሻው ዴካችን (የካሴት ማጫወቻው) ባለፈው ሳምንት ቆመ። ቴፑን የሚያነበው ክፍል (ሄዱ) አልቋል። የቆመውም የሠርግ ካሴት ውስጡ እንዳለ ነው። ቴፑን ቀስ ብለን በእጃችን አወጣነው። ትንሽ ተጨማደደ እንጂ አልተበጠሰም፤ ፈጣሪ ይመስገን። አዲስ ዴክ ደግሞ ዛሬ አይመረትም። የጃፓኑ ኩባንያ ፉናይ እንኳ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያለን አማራጭ ያገለገለ ፈልጎ ማሳደስ ነው።

እስካሁን ከ120 ካሴቶች 74ቱን ገልብጠናል። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማፋጠን አይቻልም። ልጆቻችን ይህን የሠሩት ከእንቅልፋቸው ቀንሰው፣ ያለ ክፍያ ነው።

ከዚህ በፊት ስላዋጣችሁት ገንዘብ «ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ለባለሙያ ከፍለን አሠራን፤ አልሆነም። የድሮ ቪዲዮ አንዱን ምስል በሁለት ዙር ነው የሚስለው፦ መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ያሉትን መስመሮች፣ ቀጥሎ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ ያሉትን። ካሴቶቻችን በተቀረጹበት ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሲስተም በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይመጣል ማለት ነው። የዛሬ ስክሪን ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ሲያሳያቸው የሚሮጥ ልጅ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ባለሙያው ይህን ለመሸፈን ግማሹን መስመር ጣለው። ፊቶቹ ደበዘዙ፣ እንቅስቃሴውም ተቆራረጠ። የተጣለው አይመለስምና እንደገና ከካሴቱ መገልበጥ ነበረብን።

በሁለተኛው ዙር የሚንቀጠቀጠውን ምስል የሚያረጋጋ መሣሪያ ገዛን። ቅንጦት ነው ያላችሁን አላችሁ፤ አልነበረም። ሃርድ ዲስክም ገዛን። ያልተጨመቀ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 75 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፣ አንዱ ዲስክ ቢሞት ብለንም ሁለት ቅጂ እናስቀምጣለን። ለሶፍትዌር አንድ ሳንቲም አላወጣንም። ኪውቲጂኤምሲ የሚባለው በነፃ ይገኛል፤ ሃምሳውን ግማሽ ምስል ሃምሳ ሙሉ ምስል ያደርገዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፣ ውጤቱ ግን ያስደስታል። ዋናውን ቅጂ አንነካውም፤ ነገ የተሻለ ዘዴ ቢመጣ ከእሱ እንጀምራለን። ደረሰኞቹ ሁሉ ሒሳብ ሹማችን ዘንድ አሉ፤ መጥታችሁ እዩ።

አንዲት እህታችን አባቷ ስሟን ሲጠራ ከሃያ ዓመት በኋላ ሰማች። ያን ቀን ድካማችን ጠፋ። በቀሩት 46 ካሴቶች ውስጥም ያለፉ ወላጆቻችን አሉ። እነሱ አደራ ትተውብናል። አንዳንዶቹ ካሴቶች ሻጋታ ጀምሯቸዋል። የሻገተ ካሴት ሳይጸዳ ከተጫወተ ዴኩንም ቀጣዩንም ካሴት ይበክላል፤ ስለዚህ ለይተን አስቀምጠናቸዋል።

የሚያስፈልገን ሁለት የታደሰ ዴክ፣ አንድ ሃርድ ዲስክና የማጽጃ ዕቃ ነው። ገንዘቡን በአባልነት ደብተራችሁ ላይ ባለው የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለካሴት» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ። ደረሰኙን ለሒሳብ ሹም ላኩ። በእጅ ገንዘብ የሚቀበል የኮሚቴ አባል የለም። የቻላችሁትን ያህል፣ ትንሽም ቢሆን።

በድጋሚ፦ የሒሳብ ቁጥሩ አልተቀየረም። ደብተራችሁ ላይ ያለው ነው። «ለካሴት» የሚለውን እባካችሁ አትርሱ፤ ባለፈው ጊዜ ያለ ስም የገባው ገንዘብ የማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም።

ኮሚቴው