ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ዳገቱን ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ቅዳሜና እሁድ የተራራ ጉዞ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እወዳቸዋለሁ። ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል፤ ዛሬ ልናገረው። ሁሌም «12 ኪሎ ሜትር፣ ቀላል ጉዞ፣ ለሁሉም የሚሆን» ትሉናላችሁ። እሺ፣ 12 ኪሎ ሜትር ምን? ሜዳ ነው ወይስ ዳገት? ስንት ሜትር ሽቅብ ይወጣል? ለዝግተኛ ሰው ስንት ሰዓት ይፈጃል? መንገድ ላይ ውሃ አለ? ይሄ አይጻፍም። የጉዞ አዘጋጆች ማስታወቂያም ያው ነው፣ ጓደኛ ለጓደኛ ሲያወራም ያው። ርቀት ይነገራል፣ ፎቶ ይታያል፣ ሰው ይሰበሰባል።

ተራራ ላይ ርቀት ብቻውን ብዙ አይነግርም። ይሄ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ቀላል ስሌት አስቀምጦልናል፤ በአሁኑ መለኪያ ሲነገር፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዙ፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ ነው። እስኪ እናስላው። የእናንተ 12 ኪሎ ሜትር ሜዳ ከሆነ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይበቃዋል። ያው 12 ኪሎ ሜትር 900 ሜትር ዳገት ካለበት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ይጨመርና ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ይሄም ለለመደ ሰው፣ በጥሩ አየር፣ ያለ ዕረፍት ነው። ኔይስሚዝ ለፎቶ፣ ለምሳ፣ ለሽንት፣ የጫማ ክር ለማሰር የሚቆመውን አልቆጠረም። ሰው በዛ ያለበት ቡድን ከሆነ ግማሹን ጨምሩበት፤ 6 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ቀን ብሎ የወጣ ሰው ቀኑ አለቀበት።

ቁልቁለቱስ? ብዙ ሰው «መውጣቱ ነው እንጂ መውረዱ ምን አለው» ይላል። ጉልበት የታመመበትን ሰው ጠይቁ። ኤሪክ ላንግሚዩር የተባለ ብሪታንያዊ ኋላ ላይ ስሌቱን ሲያሻሽለው፣ ቀጥ ላለ ቁልቁለት ለየ300 ሜትሩ 10 ደቂቃ ጨምሩ ብሏል። ልክ ነው። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ሰውነታችንን የሚይዘው፤ በማግሥቱ፣ ይብሱን በሠልስቱ፣ ደረጃ ስንወርድ «ኧረ እግሬን» የሚያሰኘን እሱ ነው። ጥፍርም አለ። ጫማው ሰፋ ብሎ፣ ክሩ ላልቶ ከሆነ፣ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍር ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ይውላል፤ ማታ ካልሲ ሲወልቅ አውራ ጣቱ ጠቁሯል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመነሳት በፊት ጥፍር መቁረጥ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ደግሞ ቆም ብሎ ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር። ዱላ የያዘ ሰው ላይ የሚስቁ አሉ። ሲወርዱ አይስቁም።

ዋናው ጉዳዬ ግን የመመለሻ ሰዓት ነው። ከመነሳታችን በፊት፣ ገና ጠዋት፣ ጭንቅላታችን ንጹሕ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ «8 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን።» ጫፉ ፊት ለፊት ቢታይም። ማንም ቢለምንም። ምክንያቱም በ8 ሰዓት የሚወስነው ሰው ጠዋት የወሰነው ሰው አይደለም፤ ደክሞታል፣ እልህ ይዞታል፣ «እዚህ ድረስ መጥተን?» ማለት ጀምሯል። በሜይ 1996 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ላይ ማዕበል ይዟቸው 8 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከመካከላቸው ሥራቸው ሰው መምራት የሆነ ልምድ ያላቸው ጭምር ነበሩ። የመመለሻው ሰዓት ሲነገር የነበረውም ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሰዓቱ አልፎም ወደ ጫፉ መውጣታቸውን የቀጠሉ ነበሩ። የእኛ የእሁድ ጋራ ኤቨረስት አይደለም፣ አውቃለሁ። ጨለማው ግን ጨለማ ነው፣ ድንጋዩም ድንጋይ። ሰዓቱ 8 ይሁን 7 እንደ ቦታውና እንደ ወሩ ይለያያል፤ ፀሐይ ከምትጠልቅበት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ፣ ለመውረጃው የሚበቃውን ቀንሳችሁ፣ ላልታሰበ ነገር ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትታችሁ ታገኙታላችሁ። ዳገቱ በሜትር ካልተጻፈልን ግን በምን እንቆጥረው?

ቡድን ሲሆን የሚሆነውንም ልንገራችሁ፣ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ፈጣኖቹ ቀድመው ይሄዳሉ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ያገኙና ቁጭ ይላሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይስቃሉ። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ የመጨረሻዋ ልጅ ፊቷ ቀልቶ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ከታች ብቅ ትላለች። «አይዞሽ፣ ደረስሽ!» ይሏትና ብድግ። «በሉ እንሂድ።» እነሱ አርፈዋል። ዕረፍት የሚያስፈልጋት ልጅ ግን ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ አላወረደችም። ይሄ ቀኑን ሙሉ ይደጋገማል። አመሻሽ ላይ እግሯ ሲከዳት «እሷ እኮ አትችልም፣ ለምን መጣች» ይባላል። እንዴ! ከሁሉም ያነሰ ያረፈችው እሷ ናት። እንግዲህ ዝግተኛው ከፊት ይሁን፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከኋላ ይዝጋ፣ ዕረፍቱም የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ ጀምሮ ይሁን። ፈጣኖቹ ይሰለቻሉ። ይሰልቹ። ሩጫ የፈለገ ብቻውን ይሂድ።

አየሩ ላይ ብዙ አልቆይም። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ታች 20 ዲግሪ ላይ ቲሸርት ለብሳችሁ ብትነሱ፣ 1000 ሜትር ወጥታችሁ ከ14 በታች ትገባላችሁ፤ ነፋሱ ሲጨመርማ ሌላ ነው። የጥጥ ልብስ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ስትወጡ አይታወቃችሁም፣ ጫፉ ላይ ስትቆሙ ነው ጀርባችሁ ላይ የሚቀዘቅዘው። ጂንስ ከራሰ ደግሞ ለቀኑ አለቀላችሁ። ሰው በብርድ ለመጎዳት በረዶ አያስፈልገውም፤ ዝናብና ነፋስ ካለ ከዜሮ በላይ በሆነ አየርም ይጎዳል። ምልክቱን ብታወጡልን እንዴት ጥሩ ነበር፦ ሰውየው ያለወትሮው ይነጫነጫል፣ ይደናቀፋል፣ አፉ ይተሳሰራል፣ የያዘው ነገር ከእጁ ይወድቃል። ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ «ተሻለው» እንዳትሉ፤ ባሰበት ማለት ነው። እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ከነፋስ ሰውሩት፣ የእርዳታ ጥሪም አሰሙ። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ከጫፍና ከሸንተረር መውረድ ነው፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይመለሱም። ብቻዋን የቆመች ዛፍ መጠለያ አይደለችም።

አዳር ሌላ ሥራ ነው። የቀን ጉዞ ላይ ረስታችሁት የሄዳችሁት ሹራብ ትንሽ ያበሳጫችኋል፤ አዳር ላይ ግን እንቅልፍ ያሳጣችኋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? አዲስ ድንኳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከከረጢቱ የሚያወጣው ተራራ ላይ፣ ሊጨልም ሲል የሆነ ሰው በየጉዞው አይጠፋም። ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ መመሪያውን ያገላብጣል፣ አንዱ ብረት የጎደለ ይመስለዋል፣ ነፋሱ ሸራውን ይነጥቀዋል፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ምክር ይሰጣል፣ ማንም ግን አያውቅም። በረንዳም ይሁን ሳሎን፣ ቤት ውስጥ አንዴ መትከል ይሄን ሁሉ ያስቀራል።

ስለ ብርድ ልብስ የሚያስበው ሰው ብዙ ነው፣ ስለ ምንጣፍ የሚያስበው ጥቂት። ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ውስጡ ገብተን የምንተኛበት ከረጢት፣ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ ከሥራችን ያለው ክፍል በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አየር አይዝም። ስለዚህ የውዱም ባግ ጀርባ ከመሬቱ ብርድ አያድንም፤ የሚያድነው ከሥር የሚነጠፈው የስፖንጅ ምንጣፍ ነው። ባጉ ላይ የሚጻፉትንም የሙቀት ቁጥሮች አስተውሉ። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው። በጣም ዝቅተኛው ቁጥር ሕይወት የሚተርፍበት እንጂ እንቅልፍ የሚወስድበት አይደለም፤ ስትገዙም ስትዋሱም ምቾት የሚለውን እዩ። ድንኳኑን የት እንተክል ለሚለው ደግሞ፣ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ወርዶ ሸለቆው ግርጌ ይጠራቀማልና ከግርጌው ትንሽ ከፍ በሉ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ግን በምንም ተአምር። ዝናቡ እናንተ ጋ ሳይሆን ላይኛው ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ሌሊት ይደርሳል።

የምንጭ ውሃ «ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ሁሌ አለ። የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። አፍሉት፤ ሲፈላ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ ከ2000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሦስት ደቂቃ። ከፍታው ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው።

ከፍታን ካነሳን አይቀር፣ የአዳር ጉዞ ስታስተዋውቁ የሚታደርበት ቦታ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ጻፉልን። ከ2500 ሜትር በላይ ሰውነቱ ያልለመደ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሊይዘው ይችላል፤ ጉልበታም ወጣት መሆን አያድንም። ከ3000 በላይ ደግሞ የሚታደርበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው የሚመከረው። ራሱን የሚያመው ሰው እስኪሻለው ወደ ላይ አይቀጥልም። ሚዛኑን ከሳተ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሳይነጋ፣ በዚያው ሌሊትም ቢሆን፣ ይወርዳል። ይሄን የማያውቅ «መሪ» ይዞ ለአዳር መውጣት ያስፈራኛል፤ አሉም።

ስልክ ካርታ ነው፣ ባትሪ ነው፣ ካሜራ ነው። እሺ። ብርድ ግን ቻርጁን ይጨርሰዋል፤ ልብሳችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ካርታውን ቀድማችሁ ጫኑት፣ ኔትወርክ በሌለበት መፈለጉን እንዲተው አድርጉት። ከዚያም በላይ ቤት ለቀረ ሰው በየት በኩል እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት ሲያልፍ መጨነቅ እንዳለበት ተናግራችሁ ውጡ። ፊሽካ ደግሞ ኪስ አይሞላም። በአልፕስ ተራሮች የቆየው የእርዳታ ጥሪ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ ከዚያ መድገም ነው። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። በጩኸት ድምፅ ቶሎ ይዘጋል፣ በፊሽካ ግን አይዘጋም።

አንድ ቅሬታ ልጨምርና ላብቃ። ሶፍት! በየቁጥቋጦው ሥር ነጭ ሶፍት። ከሩቅ አበባ ይመስላል። ከውሃና ከመንገድ 60 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ መቅበር፣ ሶፍቱን በፌስታል ቋጥሮ መመለስ ከባድ ነው? ትንሽ አካፋ የያዘ አንድ ሰው ለቡድኑ ይበቃል። ይሄን የሚጽፍ ጋዜጣ ግን አላየሁም፤ ሁሉም ስለ ፀሐይ መውጫው ነው የሚጽፈው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከፎቶው ሥር ሁለት መስመር፦ ርቀቱ፣ ጠቅላላ ዳገቱ በሜትር፣ ዝግተኛ ሰው የሚፈጅበት ሰዓት፣ ውሃ የሚገኝበት ቦታ፣ ለአዳር ከሆነ የማደሪያው ከፍታ፣ ስንት ሰዓት ላይ ፊትን ማዞር እንደሚገባ። «ለሁሉም የሚሆን» የምትለዋን ደግሞ አውጧት። ለእኔ የሚሆን ለአባቴ ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ከሰጣችሁን እኛው እንወስናለን። ቦታ ጠበበን ካላችሁ ፎቶውን በሁለት ጣት አሳንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ