ከቱሳን ወደ ኤል ፓሶ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ከወንድሜ ጋር ከአሪዞናዋ ቱሳን ወደ ቴክሳሷ ኤል ፓሶ በመኪና ልትሄዱ መሆኑን ሰምቼ፣ ስለምትሄዱበት አውራ ጎዳና፣ ስለ ኢንተርስቴት 10 ትንሽ ልጻፍልዎ አልኩ። እሱ መሪ ሲይዝ የመንገድ ዳር ጽሑፍ ማንበቡ የእርስዎ ሥራ ነውና።

መጀመሪያ የኤግዚት፣ ማለትም የአውራ ጎዳናውን መውጫ ቁጥር ይያዙ። አሪዞና ውስጥ ቁጥሩ ከካሊፎርኒያ ድንበር ጀምሮ የተቆጠረ ማይል ነው። ቱሳን መሀል ከተማው 258 አካባቢ ስለሆነ፣ ቢልቦርዱ (የመንገድ ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳው) «ኤግዚት 322» ካለዎት 64 ማይል፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል ማለት ነው። ኒው ሜክሲኮ ስትገቡ ግን ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ኤግዚት 322 «ዘ ቲንግ» የሚባለው ቦታ ነው። ቢጫ ቢልቦርዶቹ ምን እንደሆነ ሳይናገሩ በጥያቄ ምልክት ብቻ መንገደኛውን ይጎትታሉ። ቶማስ ቢንክሊ ፕሪንስ የተባለ የቀድሞ ጠበቃ ካሊፎርኒያ የነበረበት መንገድ ሲሰፋ ነው እ.ኤ.አ. በ1965 ወደዚህ ያዛወረው። ውስጡ ያለው እናትና ልጅ የሚመስል የደረቀ አስከሬን መሰል ነገር ነው፤ የሰው እጅ ሥራ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ታድሶ ዳይኖሰርና ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ተጨምረውበታል። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ነዳጅ ለመቅዳትና ሱቁን ለማየት ግን ትኬት አያስፈልግም።

በዚያው በ1965 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ከአውራ ጎዳናው 660 ጫማ ማለትም 200 ሜትር ውስጥ፣ ከንግድና ከኢንዱስትሪ ክልል በቀር፣ ቢልቦርድ ማቆምን ገደበ። ቢልቦርድ ከተማ አጠገብ ተኮልኩሎ ከዚያ የሚሳሳው በአብዛኛው ለዚህ ነው። ብቻውን በረሃ ላይ የቆመውን አይተው ነዳጅ ቅርብ ነው አይበሉ። ከኤግዚቱ በፊት የሚቆመው ሰማያዊ ሰሌዳ ነው የነዳጅ ማደያዎቹን ምልክት የሚያሳየው፤ እሱን ይመኑ።

እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ቢልቦርድ የማይለፈፍለትን፣ እዚያው አሪዞና ውስጥ ያለውን ቴክሳስ ካንየን የሚባል የድንጋይ ሸለቆ ነው። 322 ሳትደርሱ ማይል 320 አካባቢ ማረፊያ አለ። የግራናይት ድንጋዮቹ መሬት ውስጥ ሳሉ ተሰነጣጥቀው፣ ውሃ በስንጥቁ እየገባ ጠርዛቸውን አሟሙቶ፣ ኋላ አፈሩ ሲታጠብ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ወጡ። ጉልበትዎን የሚያፍታቱት እዚያ ይሁን።

ከዊልኮክስ ከተማ ወዲያ፣ በተለይ ኒው ሜክሲኮ እንደገባችሁ ሎርድስበርግ ከተማ ሳትደርሱ ባለው የደረቀ ሐይቅ ላይ፣ አቧራ በድንገት መንገዱን ይሸፍናል። ከሩቅ ካያችሁት አትግቡበት፤ በቅርቡ ኤግዚት ውጡ። አቧራው ከያዛችሁ ደግሞ አስፋልቱን ለቅቃችሁ የቻላችሁትን ያህል ራቁ። ወንድሜ መብራቱን ሁሉ፣ አራቱንም ፍሬቻ ጭምር ያጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ይሳብና እግሩን ከፍሬን ፔዳሉ ያንሳ። ቀበቶ እንዳትፈቱ። መብራት ከበራ ከኋላ የሚመጣው ሰው መኪናው የሚሄድ መስሎት ተከትሎ ይገጫችኋል። ይህን እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡለት።

በማለዳ አትነሱ፤ ወደ ምሥራቅ ስለምትሄዱ ፀሐይ ዓይን ትወጋለች፣ ወደ እናንተ የዞረው የቢልቦርድ ፊትም ጥላ ውስጥ ይሆናል። ረፋዱ ይሻላል። በአሜሪካ በጋ (ከሰኔ እስከ መስከረም) ከሰዓት በኋላ ግን ነጎድጓድና አቧራ ስለሚበዛ ከዚያ አታዘግዩት። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ይያዙ። አሪዞና በበጋ ሰዓቱን ወደፊት አይገፋም፣ ኒው ሜክሲኮና ኤል ፓሶ ግን ይገፋሉ፤ ድንበሩን ስትሻገሩ አንድ ሰዓት ስለሚጠፋባችሁ፣ ለማታው ማረፊያ ስትደውሉ በእነሱ ሰዓት ይቁጠሩ።

አክባሪ ልጅዎ