ለደንበኞቻችን፦ ትኋን ከርጭት በኋላ ለምን ይታያል?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከሁሉም በላይ የሚደርሰን ቅሬታ አንድ ነው፦ «ረጭታችሁ በሄዳችሁ በአሥረኛው ቀን ትንንሽ ትኋን አየን።» ልክ ናችሁ፣ ይታያል። መድኃኒቱ የሚንቀሳቀሰውን ትኋን ይገድላል፣ እንቁላሉን ግን እምብዛም አይነካውም። እንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ነጭ ነገር ናት፤ ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቃ ትቀመጣለች። ሞቅ ባለ ቤት ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ትፈለፈላለች፤ በብርድ ወራት ግን ትዘገያለች። ሁለተኛውን ርጭት በ14ኛው ቀን የምናደርገው ለዚህ ነው። ፈጥነን ብንመጣ እንቁላሉ ገና አልተፈለፈለም፤ ብዙ ብንዘገይ ደግሞ የተፈለፈለው አድጎ እንደገና ይጥላል። በሐምሌና በነሐሴ ሦስተኛ ዙር ሊያስፈልግ ይችላል።

ርጭቱ የሥራው ግማሽ ነው፤ የቀረው በእናንተ እጅ ነው። አንሶላውን፣ ጋቢውንና የትራስ ልብሱን እዚያው አልጋው አጠገብ ማዳበሪያ ውስጥ ከትታችሁ እሰሩት። ታቅፋችሁት በሳሎን ካለፋችሁ ትኋኑን ለሳሎን አደላችሁት ማለት ነው። ከዚያ 60 ዲግሪ በሚሆን፣ ማለትም እጅ በማያስገባ ሙቅ ውኃ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ እጠቡት። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነው፣ ግን ብዙም አይረዳም፤ ስፖንጁ ውስጡ አይሞቅም፣ ትኋኑም ወደ ጥላው በኩል ይዞራል። ከዚያ ይልቅ ስፌቱንና ጠርዙን በደረቅ ብሩሽ ፈትጉት።

አልጋው ላይ ጊዜ ውሰዱ። የብረት አልጋ ከሆነ የቱቦውን ጫፍ የላስቲክ ክዳን ንቀሉና ውስጡን በፈላ ውኃ እጠቡት፤ ብዙ ሰው ከላይ ወልውሎ ይተወዋል፣ ጎጆው ግን ቱቦው ውስጥ ነው። የእንጨት ከሆነ መጋጠሚያውን ፈታችሁ በማንቆርቆሪያ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃችን 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ትኋኑም እንቁላሉም 55 ዲግሪ ገደማ ከደረሰባቸው ስለማይተርፉ ይበቃል። ከውጭ ወጥ ቤት ተሸክማችሁ ስትመጡ ግን እንዳይቀዘቅዝ። ጠፍር አልጋ ላይ የፈላ ውኃ አታፍስሱ፤ ቆዳው ይኮማተራል። ጠፍሩን ፈታችሁ እንጨቱን ብቻ እጠቡ፣ ጠፍሩን እኛ እናየዋለን።

ከዚያ አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ ብርድ ልብሱም መሬት አይንካ። አራቱን እግሮች አራት ለስላሳ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አቁሙና ከታች ትንሽ የሳሙና ውኃ ጨምሩ። ትኋን አይዘልም፣ ለስላሳ ግድግዳም አይወጣም። የዛገ ጣሳ ግን አይሆንም፤ ዝገቱ መወጣጫ ይሆነዋል። በየጠዋቱ የተያዘውን ብትቆጥሩልን ሁለተኛው ዙር የት ላይ ማተኮር እንዳለብን እናውቃለን።

በጭቃ ቤት ዋናው ችግር ግድግዳው ነው። የኤቲኤም ካርድ የሚገባበት ስንጥቅ ለትኋን ሰፊ ቤት ነው። የጨርቅ ኮርኒስ ካላችሁ ሚስማር በተመታበት ጠርዝ በባትሪ ተመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ኩስ ነው። ስንጥቁን ከሁለተኛው ርጭት በኋላ ብቻ ድፈኑት። ቀድማችሁ ከደፈናችሁ መድኃኒቱ አይገባም፣ ትኋኑም ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል ጭቃው ሲሰነጠቅ ይወጣል።

እባካችሁ ለእርሻ የሚሸጠውን ማላታይን ቤት ውስጥ አትርጩ። የእህል ነቀዝ ክኒን ደግሞ መኝታ ቤት አጠገብ እንኳ አይድረስ፤ እርጥበት ሲያገኘው የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። የበረሮ ፍሊት ጥቂቱን ገድሎ የቀረውን ወደ ጎረቤት ክፍል ይበትናል። በጋራ ግድግዳ የተከራያችሁ ሁሉ በአንድ ቀን ብታስረጩ ይሻላል፤ አንዱ ክፍል ብቻ ቢረጭ ትኋኑ ከጎረቤት ይመለሳል። እኛ ከረጨን በኋላም ሌላ ክፍል ሄዳችሁ አትተኙ፤ ትኋኑ ይከተላችኋል፣ መድኃኒቱ የሌለበት ቦታም ሄዶ ይሰፍራል።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ፦ ቁንጫ በእበት በተለቀለቀ ወለልና ድመት በምትተኛበት ይራባል፤ ከሙሽሬው፣ ማለትም ተሸፍኖ ከሚያድግበት ልባስ፣ ሳይወጣ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል እሱም ሁለት ዙር ይፈልጋል። ለበረሮ ምግቡን ክደኑ፣ ከመታጠቢያው ሥር የሚያፈሰውን ቧንቧ አስጠግኑ፤ ማታ ማታ የሚፈልገው ውኃ ነው። በረሮው በልቶት የሚሞትበትን ጄል ባስቀመጥንበት ቦታ ፍሊት አትንፉ፣ ጄሉን አይበላውም። ትኋን በሽታ ያስተላልፋል ብላችሁ የሠጋችሁ ደግሞ ይህ ያልተረጋገጠ ነው፤ ተስቦና ግርሻ የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው።

ለጥምቀት እንግዳ የምትቀበሉ ሻንጣውን አልጋ ላይ አታስቀምጡ፤ ወንበር ላይ ይሁን፣ ፍራሽም ከሌላ ቤት አትዋሱ።

በርጭቱ ቀን ምግብ፣ መሶብና የውኃ ጀሪካን ይውጣ፤ ልጆችና እንስሳት ርጭቱ ካለቀ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ወለሉ ደርቆ ቤቱ ከተናፈሰ ብቻ ይግቡ። እስከ 14ኛው ቀን ወለሉን ከመሃል ብቻ ወልውሉት፤ ግድግዳው ሥር ያለውን አንድ ክንድ ያህል ቦታ አትንኩት፣ መድኃኒቱ የሚሠራው እዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ተባይ መከላከያ አገልግሎታችሁ፣ ጎንደር