ካርታውንም አብራችሁ አትሙልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የወጣቶችን የምናብ ዓለም ታሪኮች በተከታታይ ማውጣት ከጀመራችሁ ወዲህ አንድም ሳምንት አላመለጠኝም። በርቱልን። አንድ ነገር ግን ይጎድላል፤ ካርታ። ጀግናው ሦስት ወንዝ ተሻግሮ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ተራራ ላይ እናገኘዋለን፣ በየት በኩል እንደወጣ ግን ግራ ይገባናል። እኔ የጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእርሳስ እየሳልኩ ነው የማነበው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን የምናብ ዓለም ታሪኩን ሲጽፍ የጀመረው ከካርታ እንደሆነና ታሪኩን ለካርታው እንዳስማማ ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1954 መጽሐፉ መውጣት ሲጀምር አብሮ የታተመውን ካርታ የሳለው ልጁ ክሪስቶፈር ነው። አባትየው ገጸ ባሕርያቱ በቀን ምን ያህል እንደሚጓዙና ጨረቃዋ መቼ ሙሉ እንደምትሆን ሳይቀር ያሰላ ነበር። አንባቢ በእውን በሌለ አገር ከተጓዦቹ ጋር አብሮ የሚደክመው ለዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ነው፤ እሱም ይጽፋል። ባለፈው የፈጠረውን አገር ካርታ አሳየኝ። በሒሳብ ደብተሩ መሐል ሁለት ገጽ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ተራሮቹ እንደ ጎጆ ክዳን ተደርድረዋል። ያምራል! ግን አንድ ወንዝ ከሐይቅ ይነሳና ተራራውን ሽቅብ ወጥቶ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ባሕር፣ አንዱ ወደ ምዕራብ።

«ውሃ ዳገት ይወጣል እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ፈጠራ አይደል?»

ፈጠራ ነው። ጠንቋይ ካለ ያውጣው፣ ግን ጠንቋዩን ንገረን። ካልሆነ የእኛን የቦርከናን ወንዝ ይይ። ከደሴ ሐረጎን ስትወርድ ኮምቦልቻ ድረስ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ሹራብህን አውልቀህ ነው የምትደርሰው፤ ቦርከናም ያንኑ ቁልቁለት ይዞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በምዕራብ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ በበሽሎ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል። የአንድ ወሎ ዝናብ አንዱ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል፣ ሌላው ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። ይሄን ስነግረው ልጁ ዝም አለ፣ ከዚያ ላጲስ ፈለገ። እስክሪብቶ መሆኑን ረስቶት!

ሌላው የስም ነገር ነው። አንዳንድ አንባቢ አንድ ገጸ ባሕርይ ሦስት ስም ሲኖረው ይሰለቸኛል ይላል። ለወሎ ሰው ይሄ እንግዳ ነው? የወሎው ገዢ መሐመድ አሊ አፄ ዮሐንስ የጠሩትን የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ተከትሎ ክርስትና ሲነሱ ሚካኤል ሆኑ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ናቸው፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ተባሉ። አንድ ሰው ናቸው፤ የትኛው ስም እንደተጠራ ስታውቅ ጊዜውንና ጠሪውን ታውቃለህ። ስለዚህ ስሙን አትቀንሱ፣ ዝርዝሩን ግን በአጭሩ አስቀምጡልን። ማን የማን ልጅ ነው፣ በሌላ ስሙ ማን ይባላል፣ የየት አገር ሰው ነው።

ቦታና ታሪክ ተለያይተው አያውቁም እኮ። የወሎውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ሐይቅ ተመልከቱ። አንዲት እመቤት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ሠራች፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ውሃ አደረገው፣ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ ይባላል። እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያው ላይ ነው። ቦታውን ያየ ሰው ታሪኩ አይጠፋውም።

ሩብ ዓምድ ይበቃል። ቀለም አያስፈልግም፣ ጥቁርና ነጭ ሥዕል፣ ከሥሩ የስም ዝርዝር፣ በየሳምንቱ ካልተቻለ በመጀመሪያው ክፍል ላይ። ልጆቹን ከታሪኩ ጋር ካርታ ላኩ ብትሏቸው ደስ ብሏቸው ይልካሉ።

የእህቴ ልጅ ካርታውን በእርሳስ እንደገና ስሎታል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ወንዙ አሁን ቁልቁል ይወርዳል፣ የስም ዝርዝሩ ከጀርባው ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ